ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ወደ ተመን ሉህ ሲላክ የቁጥሮች መልክ እንዳይበላሽ

የትንተና ሪፖርት ከሳስ፣ ከስታታ፣ ከኤስፒኤስኤስ ወይም ከአር ወጥቶ ኤክሴል ውስጥ ሲገባ የሚደርስበት ጉዳት ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም። 00417 የነበረው መለያ ቁጥር 417 ይሆናል። 0.10 የመጨረሻ ዜሮውን ጥሎ 0.1 ሆኖ ይቀራል። በቅንፍ የተጻፈው ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም የግምቱ ስህተት መለኪያ፣ (0.034) ወደ -0.034 ይለወጣል። «3-5» የሚለው የዕድሜ ክልል ደግሞ ቀን ሆኖ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የመልክ ጉድለት ብቻ ስለሆኑ በጥቂት ጠቅታ ይስተካከላሉ። ሌሎቹ ግን ቁጥሩን ራሱን ይለውጣሉ፤ ፋይሉ አንዴ ከተቀመጠ በኋላም መመለሻ የሌላቸው አሉ።

የሁሉም መንስኤ አንድ ነው። በሕዋስ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይኖራሉ፦ ቁጥሩ ራሱና ቁጥሩ የሚታይበት ፎርማት። ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሳስ ውስጥ 8.2 የሚል ፎርማት የተሰጠው 3.14159 በማያው ላይ 3.14 ይምሰል እንጂ ውስጡ ሙሉ ነው። ችግሩ የሁለቱ ፕሮግራሞች የፎርማት አጻጻፍ አለመመሳሰሉ ነው። ስለዚህ ሲላክ ወይ ቁጥሩ ብቻውን ያልፍና መልኩ ይቀራል፣ ወይ መልኩ ጽሑፍ ሆኖ ያልፍና ቁጥሩ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ሙሉውን ቁጥር ልኮ ፎርማቱን ለሕዋሱ እንደ መመሪያ አብሮ መስጠት ነው። ቁጥርን አጠጋግቶ፣ ኮማና የበመቶ ምልክት ለጥፎ፣ ጽሑፍ አድርጎ መላክ ለዓይን ያማረ ሰንጠረዥ ይሰጣል፤ ያ ሰንጠረዥ ግን አይደመርም፣ አይደረደርም፣ ግራፍም አይወጣለትም።

ደረጃ 1፦ አምዶቹን በዓይነት መለየት

ምንም ትእዛዝ ከመጻፍዎ በፊት አምዶቹን አንድ በአንድ ይዩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ አምድ ይደመራል? አማካዩስ ይወሰዳል?» የሚል ነው። የማይደመርና አማካዩ የማይወሰድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ መለያ፣ የስልክ ቁጥር ወይም የቦታ ኮድ ከሆነ፣ በአሃዝ ይጻፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። በጽሑፍነት መላክ አለበት። ኤክሴል የሚይዘው 15 ጉልህ አሃዞችን ብቻ ነው፤ ባለ 16 አሃዝ መለያ በቁጥርነት ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል። ከ11 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ደግሞ «ጄኔራል» በሚለው ፎርማት ሲታይ 1.23457E+11 በሚመስል የአሥር ርቢ አጻጻፍ ይቀርባል።

መለያው ኤክሴል ጋ ሳይደርስ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። ስታታ አዲስ ተለዋዋጭ ሲፈጥር ዓይነቱ ካልተነገረው «ፍሎት» (ጥቂት አሃዝ ብቻ በትክክል የሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ያደርገዋል፤ ፍሎት ደግሞ ሙሉ ቁጥሮችን ያለ ስህተት የሚይዘው እስከ 16,777,216 ድረስ ነው። ባለ 9 አሃዝ መለያ በፍሎት ከተቀመጠ ጎረቤት ቁጥሮች ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፣ ኤክሴልም ላይ የማይገባ ድግግሞሽ ይታያል። አር ደግሞ ሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ የተለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ሲያነብ የአምዱ ዓይነት ካልተነገረው የፊት ዜሮዎችን ገና በመግቢያው ላይ ይጥላቸዋል። መለያውን ከመጀመሪያው በጽሑፍነት ያስገቡ።

የጎደሉ ዜሮዎችን መልሶ መሙላት የሚቻለው የመለያው ርዝመት ቋሚ ከሆነ ነው። ሳስ ውስጥ «ፑት» ከ«ዜድ5.» ፎርማት ጋር፣ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ «ስትሪንግ» ከ«ኤን5» ጋር፣ ስታታ ውስጥ «ቶስትሪንግ» ዜሮ ከሚሞላ ፎርማት ጋር ይህን ይሠራሉ።

የቀሩትን አምዶች ደግሞ ቆጠራ፣ ልኬት፣ በመቶ፣ ፒ ቫልዩ (የመላምት ፍተሻ የዕድል ቁጥር) እና ቀን ብለው ይከፋፍሏቸው። በዚሁ አጋጣሚ ለጎደለ መረጃ የተሰጡ ኮዶችን፣ -99 ወይም 999 የመሳሰሉትን፣ ያጽዱ። ሶፍትዌሩ እነዚህን «የጎደለ» ብሎ ያውቃቸው ይሆናል፤ ኤክሴል ግን አያውቅምና ከአማካዩ ጋር ይደባልቃቸዋል።

ደረጃ 2፦ የፋይሉን ዓይነት መምረጥ

ምርጫ ካለዎት ኤክስኤልኤስኤክስን፣ ማለትም የኤክሴልን የራሱን የፋይል ዓይነት፣ ይጠቀሙ። ሲኤስቪ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ፎርማት የሚባል ነገር የሚሸከምበት ቦታ የለውም። ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት እያንዳንዱ ሕዋስ ምን እንደሆነ የሚወስነው የከፋቹ ኮምፒውተር ነው። አስርዮሹን በኮማ በሚጽፍ የቋንቋ ቅንብር ላይ ያለ ኮምፒውተር ያንኑ ፋይል ሲከፍት 3.14ን ቁጥር ነው ብሎ ላይቀበል ወይም ቀን ሊያደርገው ይችላል።

የኤችቲኤምኤል ሰንጠረዥ አውጥቶ የፋይሉን ቅጥያ ብቻ ወደ ኤክሴል መቀየር የቆየ ልማድ ነው፤ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። ይተዉት። ኤክሴል ቅጥያውና ይዘቱ አይገጥሙም ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያም ልክ እንደ ሲኤስቪ የእያንዳንዱን ሕዋስ ዓይነት ይገምታል።

ደረጃ 3፦ ከየሶፍትዌሩ መላክ

ሳስ። ለጥሬ ዳታ «ፕሮክ ኤክስፖርት» ይበቃል፤ ለሪፖርት ግን «ኦዲኤስ ኤክሴል» የተሻለ ነው። ኦዲኤስ የተለመዱትን የኮማ፣ የበመቶና የቀን ፎርማቶች ወደ ኤክሴል አቻቸው ይተረጉማል። በራስዎ የሠሩት ፎርማት ግን አቻ ስለሌለው ወደ ኤክሴል የቁጥር ፎርማት አይተረጎምም። ስለዚህ በግምት ከመተው በ«ፕሮክ ፕሪንት» ወይም በ«ፕሮክ ሪፖርት» የአምዱ ስታይል ውስጥ «ታግአትር» የሚባለውን መለያ ይጨምሩና «ፎርማት» ከሚለው ቃልና ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ የኤክሴሉን ኮድ፣ ለምሳሌ #,##0.00፣ ይጻፉ። ለመለያ አምድ ኮዱ @ ነው፤ ዓይነቱንም «ስትሪንግ» ይበሉት። ተለዋዋጩ ሳስ ውስጥ ጽሑፍ ቢሆንም እንኳ ይህን አይዝለሉ፤ ሁሉም አሃዝ የሆነ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ዜሮው ሊወድቅ ይችላል። በ«ፕሮክ ኤክስፖርት» ወደ ሲኤስቪ ሲላክ ፎርማት ያልተሰጠው ቁጥር በ«ቤስት12.» ይጻፋል፤ ከ12 አሃዝ የረዘመ ሙሉ ቁጥር በአሥር ርቢ ይወጣና የቀሩት አሃዞች ይጠፋሉ።

ስታታ። «ኤክስፖርት ኤክሴል» ቁጥሩን ሙሉውን ይልካል፣ የስታታን የማሳያ ፎርማት ግን ይተወዋል። 0.1 በፍሎት ከተቀመጠ ኤክሴል ላይ 0.100000001490116 ሆኖ መታየቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ስህተት አይደለም፤ ፍሎት የያዘው ቁጥር በእርግጥም ያ ነው። ተለዋዋጩን ወደ «ደብል» (ብዙ አሃዝ ወደሚይዘው የቁጥር ዓይነት) መቀየር ብቻውን አይፈታውም፣ ምክንያቱም ያልጠራውን ቁጥር ነው ወደ ሰፊ ቦታ የሚያዛውረው። በ«ስትሪንግ» ወደ ጽሑፍ፣ ከዚያ በ«ሪል» ወደ ደብል መልሰው ያስቀምጡት፤ ከተቻለ ደግሞ ዳታውን ከመጀመሪያው በደብል ያስገቡ። ፎርማቱን ለመስጠት «ፑትኤክሴል» ላይ «ኤንፎርማት» የሚባለውን አማራጭ ይጠቀሙ፤ የኤክሴል ኮድ በጥቅስ ውስጥ በቀጥታ ይቀበላል።

በየወሩ የሚደገም ሪፖርት ካለዎት ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። ሉሁን አንዴ በእጅ ፎርማት አድርገው እንደ ናሙና ያስቀምጡት፤ ከዚያ «ኤክስፖርት ኤክሴል»ን ሉሁን በሚያሻሽለው አማራጭና «ኪፕሴልኤፍኤምቲ» በሚባለው አማራጭ ያስኪዱት። ቁጥሮቹ ብቻ ይለወጣሉ፣ የሕዋሶቹ ፎርማት እንዳለ ይቆያል።

አር። እዚህ ቤት ዋናው ጥፋት «ፎርማት» ወይም «ስፕሪንትኤፍ» የሚባሉትን ፈንክሽኖች ከመላክ በፊት መጥራት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርጉታል። «ኦፕንኤክስኤልኤስኤክስ» በሚባለው ፓኬጅ በ«ክሪኤትስታይል» ውስጥ «ነምኤፍኤምቲ» ለሚለው "0.000" ሰጥተው በ«አድስታይል» አምዱ ላይ ያሳርፉት። «ራይት.ሲኤስቪ» የሚጠቀሙ ከሆነ 100000 የሚለው በአሥር ርቢ ተጽፎ እንዳይወጣ «ሳይፐን» የሚባለውን አማራጭ ወደ 999 ከፍ ያድርጉ።

ኤስፒኤስኤስ። የውጤት ሰንጠረዦች ከውጤት መስኮቱ በኤክስፖርት ሲላኩ ሕዋሱ ሙሉውን ቁጥር ከፎርማቱ ጋር ይዞ ይሄዳል፤ ከአራቱ በዚህ ረገድ የተመቸው እሱ ነው። የሚበላሸው ሰንጠረዡ እንደ ተራ ጽሑፍ ተገልብጦ ሲለጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያልፈው የታየው 0.03 እንጂ 0.0347 አይደለም። ዳታው ወደ ሲኤስቪ የሚቀመጥ ከሆነ ቁጥሩ በተለዋዋጩ ፎርማት ይጻፍ ወይስ «ፕሌይን» ሆኖ፣ ማለትም ያለ ፎርማት፣ ለሚለው አማራጭ «ፕሌይን» የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች ይቆረጣሉ።

በአራቱም ላይ አንድ ነገር ይያዙ፦ በትእዛዝ የሚጻፍ የኤክሴል ኮድ ሁልጊዜ ነጥቡን ለአስርዮሽ፣ ኮማውን ለሺህ መለያ አድርጎ ይጻፋል። ተቀባዩ በሌላ ቅንብር የሚሠራ ከሆነ ኤክሴል ራሱ ወደዚያ ይመልሰዋል።

ደረጃ 4፦ የፎርማት ኮዶች

በኮዱ ውስጥ 0 አሃዝ ባይኖርም ዜሮ ይታይ ማለት ነው፤ # አሃዝ ካለ ብቻ ይታይ ማለት ነው፤ ? ደግሞ ነጥቦቹ በአንድ መስመር እንዲሰለፉ ባዶ ቦታ ይተዋል። አንድ ኮድ በነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) እስከ አራት ክፍል ይከፈላል፦ ለአዎንታዊ፣ ለአሉታዊ፣ ለዜሮ፣ ለጽሑፍ። ለምሳሌ

#,##0.00;-#,##0.00;"–";@

የሚለው ዜሮዎችን ሰረዝ አድርጎ ያሳያል፣ ድምሩን ግን አይነካም።

ፒ ቫልዩ። 0.0000042 በሦስት አሃዝ ሲታይ 0.000 ይሆናል፤ ፒ ቫልዩ ዜሮ ስለማይሆን ይህ አንባቢን ያሳስታል። «<0.001» ብሎ በእጅ መጻፍ ግን ሕዋሱን ጽሑፍ ያደርገዋል። በሱ ፈንታ

[<0.001]"<0.001";0.000

ይጠቀሙ። ሕዋሱ ላይ <0.001 ይነበባል፣ ውስጡ ትክክለኛው ቁጥር እንዳለ ነው፤ ቢደረደር ወይም ቢጣራ በትክክል ይሠራል። የሚጽፉበት መጽሔት ከነጥቡ በፊት ያለውን ዜሮ የማይፈልግ ከሆነ ሁለተኛውን ክፍል .000፣ በጥቅሱ ውስጥ ያለውን ደግሞ <.001 ያድርጉት።

ስታንዳርድ ኤረር በቅንፍ። በሲኤስቪ ውስጥ (0.034) ብሎ መላክ የከፋው ስህተት ነው፤ በሂሳብ አያያዝ ልማድ ቅንፍ አሉታዊ ማለት ስለሆነ ኤክሴል ወደ -0.034 ይለውጠዋል። ቅንፉ ጠፍቶ የመቀነስ ምልክት ሲመጣ ሰንጠረዡን ያላሰናዳ ሰው ስህተቱን አያገኘውም። ቁጥሩን 0.034 ብለው ይላኩ፣ ቅንፉን በኮድ "("0.000")" ይስጡት።

የኮከብ ምልክት። የፒ ቫልዩን ደረጃ የሚያሳይ ኮከብ የተለጠፈበት 0.345* ጽሑፍ ነው። ኮከቦቹንም ፎርማቱ ይሸከም፦ 0.000"*" ። በትእዛዝ ሲሠራ የእያንዳንዱን ሕዋስ ፒ ቫልዩ አይቶ ከአራቱ ኮዶች (ያለ ኮከብ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት) አንዱን መስጠት ጥቂት መስመር ብቻ ይጠይቃል። ውጤቱ ሊደመርም ሊነጻጸርም የሚችል የሪግሬሽን ሰንጠረዥ ነው።

በመቶ። 0.0% የሚለው ኮድ ቁጥሩን በ100 አባዝቶ ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩ 0.452 ከሆነ 45.2% ይላል፤ 45.2 ከሆነ ግን 4520.0% ይላል። የአር የድርሻ ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን ይሰጣል፤ የኤስፒኤስኤስና የስታታ የድግግሞሽ ሰንጠረዦች ደግሞ ሁለተኛውን። የሳስ «ፕሮክ ታቡሌት» መቶኛዎችም አስቀድመው የተባዙ ናቸው። ለተባዛው ቁጥር ኮዱ 0.0"%" ነው፤ ምልክቱ በጥቅስ ውስጥ ሲሆን ማባዛቱ ይቀራል።

ትልልቅ ቁጥሮችን በሺህ ለማሳየት ከኮዱ መጨረሻ አንድ ኮማ ይጨመራል፦ #,##0, ። ሁለት ኮማ በሚሊዮን ያሳያል። እንዲህ ሲያደርጉ የአምዱ ርዕስ ላይ «በሺህ» ብሎ መጻፍ የግድ ነው።

ቀኖች

ሶፍትዌሮቹ ቀንን የሚቆጥሩት ከተለያየ መነሻ ነው። ሳስና ስታታ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ጀምሮ ቀን ይቆጥራሉ፤ አር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፤ ኤስፒኤስኤስ ደግሞ ከኦክቶበር 14 ቀን 1582 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራል። ኤክሴል በተለመደው ቅንብሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምራል። ተለዋዋጩ የቀን ፎርማት ይዞ ከሄደ ኤክስፖርቱ ራሱ ያስተካክለዋል። ፎርማቱ ከተረሳ ግን ጥሬው ቁጥር ያልፋል፤ የሳስ 21915፣ ማለትም ጃንዋሪ 1 ቀን 2020፣ ኤክሴል ላይ ቀን ሲደረግ ዲሴምበር 31 ቀን 1959 ሆኖ ይወጣል። በ60 ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሄደ ቀን ካዩ መንስኤው ይኸው ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ለሳስና ለስታታ 21916 ይደምሩ፤ ለአር 25569 ይደምሩ፤ ለኤስፒኤስኤስ በ86400 አካፍለው 115859 ይቀንሱ። ሰዓት ያለበት የሳስ ተለዋዋጭ በሰከንድ፣ የስታታው በሚሊሰከንድ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ቀን ይካፈላል። ሁሉም ቀን በ1462 ቀን የተዛባ ከሆነ ደግሞ አንዱ ፋይል ከ1904 የሚጀምረውን የኤክሴል አቆጣጠር እየተጠቀመ ነው።

ሲኤስቪ ብቻ ሲኖር

ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገው አይክፈቱ። ባዶ የኤክሴል ፋይል ይክፈቱ፣ ከ«ዳታ» ሜኑ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ አምጣ የሚለውን ይምረጡ፣ በሚመጣው መስኮት የዳታ ዓይነት አትገምት የሚለውን አማራጭ ይያዙ። ሁሉም አምድ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፤ ከዚያ ቁጥር የሆኑትን ብቻ አንድ በአንድ ወደ ቁጥር ይቀይሩ። የአስርዮሽ ምልክቱ ከኮምፒውተርዎ ቅንብር የተለየ ከሆነ የቋንቋ አካባቢን ጠቅሶ የሚቀይረውን አማራጭ ይጠቀሙ። በሊብሬኦፊስ የማስገቢያው መስኮት ራሱ ብቅ ስለሚል የአምዱን ራስጌ ጠቅ አድርጎ «ጽሑፍ» ማለት ይበቃል። ጉግል ሺትስ ላይ ሲያስገቡ ጽሑፍን ወደ ቁጥርና ቀን ቀይር የሚለውን ምልክት ያንሱ። በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ርዕሶች ተበላሽተው ከታዩ የፋይሉን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 ብለው ይምረጡ።

ይህ የኤክሴል ግምት የዋዛ አይደለም። «ማርች1» እና «ሴፕት2» የሚመስሉ የጂን ስሞችን ወደ ቀን እየለወጠ የምርምር ፋይሎችን ሲያበላሽ በመቆየቱ የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2020 ስሞቹን ራሳቸውን እስከ መቀየር ደርሷል።

ከመላክዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አንዱን ሕዋስ ጠቅ አድርገው የቀመር መስመሩን ይዩ፤ ሙሉው ቁጥር እዚያ መኖር አለበት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የቁጥር አምድ ድምሩን ይውሰዱና ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ከሰጠው ድምር ጋር ያስተያዩ። ድምሩ ካነሰ ጥቂት ሕዋሶች ጽሑፍ ሆነዋል ማለት ነው፣ ምክንያቱም የድምር ቀመር ጽሑፍን ዝም ብሎ ያልፈዋል። «ካውንት» የሚቆጥረው ቁጥሮችን ብቻ፣ «ካውንትኤ» ደግሞ ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ስለሆነ የሁለቱ ልዩነት ስንት ሕዋስ እንደተበላሸ በቀጥታ ይነግርዎታል። በመለያው አምድ ላይ የርዝመት ቀመር «ሌን» ያስኪዱ፤ ሁሉም እኩል አሃዝ ሊኖረው ይገባል።

የመጨረሻው አሃዝ እዚህም እዚያም በ1 የሚለያይ ከሆነ የማጠጋጊያ ሕግ ልዩነት ሊሆን ይችላል። አር 2.5ን ሲያጠጋጋ ወደ ተጋማሹ 2 ይሄዳል፤ ኤክሴል ግን 3 ያደርገዋል። ያንኑ ሰንጠረዥ በፒዲኤፍም በኤክሴልም የሚያወጡ ከሆነ የትኛው ሕግ እንደሚገዛ አስቀድመው ይወስኑ። ልዩነቱን ለማጥፋት ብለው ኤክሴል ውስጥ ቁጥሩን በሚታየው ልክ ቁረጥ የሚለውን ቅንብር አያብሩ፤ በመላው ፋይል ያሉትን ቁጥሮች ለዘለቄታው ይቆርጣቸዋል።

##### ካዩ አምዱ ጠቧል፤ ያስፉት።

የተበላሸ ፋይል ሲደርስዎት

በሕዋሱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ካለ ቁጥሩ በጽሑፍነት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አምዱን መርጠው ከ«ዳታ» ሜኑ ጽሑፍን ወደ አምዶች የሚከፍለውን መሣሪያ ከፍተው ምንም ሳይቀይሩ መጨረስ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። አስርዮሹ በኮማ ከሆነ «ናምበርቫልዩ» የሚባለውን ቀመር ይጠቀሙ፤ የአስርዮሹንና የሺሁን ምልክት ለይቶ ይጠይቃል። ሁለቱም ካልሠሩ ከድረ ገጽ ወይም ከኤችቲኤምኤል የመጣ የማይታይ ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ቁጥሩ 160 የሆነው ካራክተር ነው፣ ተራው የማጽጃ ቀመር «ትሪም» አያነሳውም። «ሰብስቲትዩት» በሚለው ቀመር ለይተው ያጥፉት።

የወደቁ የፊት ዜሮዎች ርዝመቱ ከታወቀ ይመለሳሉ። ቅንፉ የፈጠረው መቀነስም ስታንዳርድ ኤረር አሉታዊ ስለማይሆን በፍጹማዊ ዋጋ ቀመር ይስተካከላል። ወደ ዜሮ የተለወጠው 16ኛ አሃዝና ተጠጋግቶ የተጻፈ ቁጥር ግን ከፋይሉ ውስጥ የሉም፤ ቀን የሆነው «3-5»ም አስቀድሞ በትክክል ቀን ከነበሩት ጋር ከተቀላቀለ አይለይም። ለእነዚህ ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ተመልሶ እንደገና ከመላክ ሌላ መንገድ የለም፤ ስለዚህ ኤክስፖርት የሚያደርጉበትን የትእዛዝ ፋይል ከዳታው ጋር ያኑሩት።